ስለ አንድ መጽሐፍና ስለ አንድ መጠይቅ

ባለፈው እትም አንድ ወንድማችን የዶናልድ ሌቪንን «ሰምና ወርቅ» አወድሶ ከጻፈ በኋላ፣ በዚያው መንገድ ተመርተን እኛም በመካከላችን ባለው ስደተኛ ላይ ጥናት እንድናካሂድ አሳስቦ፣ አሥራ ሁለት ጥያቄ ያለበት መጠይቅ አያይዟል። የሐሳቡን በጎነት አልነቅፍም። በመምህራን ማሠልጠኛ ኮሌጅ የምርምር ዘዴ ሳስተምር እንዲህ ያለ ትጉህ ተማሪ ባገኝ ደስ ይለኝ ነበር። ነገር ግን መጽሐፉም መጠይቁም አንድ ዓይነት ጉድለት ስላለባቸው፣ ወረቀቱ ገና ሳይበተን መነገር አለበት ብዬ ብዕሬን አነሣሁ። (ዓመታቱ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

በቅድሚያ ለደራሲው የሚገባቸውን እንስጥ። ሌቪን አሜሪካዊ የኅብረተሰብ ጥናት ሊቅ ነበሩ፤ በ2015 ዐርፈዋል። መጽሐፋቸው በ1965 ከቺካጎ ዩኒቨርሲቲ ማተሚያ ቤት ሲወጣ፣ ስለ እኛ ከተጻፉት ከብዙዎቹ የሚለየው ደራሲው አማርኛ ተምረው፣ መንዝ ድረስ ዘልቀው ከገበሬ ጋር ኖረው፣ ለተማሪዎችም መጠይቅ በትነው የጻፉት በመሆኑ ነው። ከሆቴል ሰገነት ሆኖ አገር ከሚያጠናው ወገን አይደሉም። ቅኔንም ለጌጥ ሳይሆን የሰውን አስተሳሰብ ለመረዳት መያዛቸው፣ በዚያ ዘመን ከውጭ ለመጣ ሰው ትንሽ ነገር አልነበረም።

የሚሉት ባጭሩ ይህ ነው፤ የአማራው ንግግር እንደ ቅኔው ነው፣ ላዩ ሰም ውስጡ ወርቅ። አንድን ቃል ለሁለት ፍቺ ማዋል፣ ቀጥተኛ መልስ አለመስጠት፣ የልብን በልብ መያዝ የባህሉ ጠባይ ነው፤ ግልጽ ቋንቋ ከሚጠይቀው ከዘመናዊ ኑሮ ጋርም አይጣጣምም። ይህ አነጋገር ባለሥልጣንን ለመንቀፍና የግል ኑሮን ከሰው ዓይን ለመጠበቅ እንደሚያገለግል ደራሲው ራሳቸው ጽፈዋል። አላዩም አልልም። አይተው አለፉት ነው የምለው።

ለመሆኑ ገበሬው በሰም የሚናገረው ለማን ነው? በሬው ሲጠፋበት ጎረቤቱን «አይተህልኛል?» ብሎ ሲጠይቅ ቅኔ አይዘርፍም። ለሚስቱ «ዘሩ አይበቃንም» ሲል ዘሩ አይበቃም ማለቱ ነው። ሰሙ የሚወጣው ጭቃ ሹሙ ደጃፉ ላይ ሲቆም ነው። ስለዚህ ነገሩ በሰውየው ሆድ ውስጥ ተተክሎ የኖረ ጠባይ ብቻ አይደለም፤ በሁለት ሰዎች መካከል ያለ ነገር ነው፣ ከሁለቱም አንዱ ጠያቂው ነው። ሌቪን የመላሹን ፊት በሚገባ ሣሉልን፤ የጠያቂውን ወንበር ግን ከሥዕሉ ውጭ አስቀሩት።

«መሬትህ ምን ያህል ነው? ምርትህስ?» የሚለውን ጥያቄ እንውሰድ። ለተመራማሪ ከዚህ የቀለለ ጥያቄ የለም። በ1967 የእርሻ ገቢ ግብር አዋጅ ወጥቶ ገማቾች ወደ ጎጃም ሲላኩ ግን፣ በማግሥቱ ዓመት ገበሬው አመፀ፤ መንግሥትም ጦርና አይሮፕላን አዘመተበት። ገበሬው የፈራው ግብሩን ብቻ አልነበረም። ዛሬ ምርቴን የገመተ ነገ መሬቴን ይለካል፣ መሬቴን የለካ ርስቴን ይወስዳል ብሎ ነው። እንዲህ ያለ ሰው ወረቀትና እርሳስ ይዞ ለመጣ እንግዳ «እግዜር ያውቃል» ብሎ ቢመልስ፣ ይህንን «አማራ ግልጽ መልስ አይወድም» ብሎ መመዝገብ መረጃ መሰብሰብ ነውን?

በዚያው በጎጃም፣ በደጋ ዳሞት የተቀመጡት አለን ሆበን ሌላ መንገድ ሄደዋል። በ1973 ስለ አማራ የመሬት ሥሪት ያወጡት መጽሐፍ አሰልቺ የሚሆንበት ገጽ አለው፤ እኔም ሁለት ጊዜ ጀምሬ ትቼዋለሁ። ዘዴው ግን ትምህርት ቤት ነው። ርስት በአባትም በእናትም ወገን ስለሚቆጠር፣ አንድ ሰው እጠይቃለሁ ሊል የሚችለው መሬት ብዙ ነው፤ በእጁ የሚገባው ጥቂት። «ደንቡ ምንድን ነው?» ተብሎ ቢጠየቅ «የዋናው አባት ልጅ ሁሉ መብት አለው» ይላል፤ ውሸትም አልተናገረም። ሆበን ግን በዚህ መልስ ሳይወሰኑ ሙግቱን ተከታተሉ። ማን ማንን ከሰሰ? የትኛውን አያት ጠራ? ሽማግሌው ለማን ፈረደ? እንዲህ ሲሆን የትውልድ ቆጠራው የትዝታ ጉዳይ ብቻ ሳይሆን የመከራከሪያ መሣሪያ መሆኑ ታየ። ሰው ከሚለው ይልቅ የሚያደርገውን መከተል ጊዜ ይፈጃል፣ ጫማ ይጨርሳል፤ በመጠይቅ ግን አይገኝም።

እኔ ራሴ ከዚህ ስሕተት ነጻ አልነበርሁም። በኮሌጁ «ተግባራዊ ምርምር» የሚባል ሥራ ነበረብንና፣ ስለ ማስተማር ዘዴዬ ለተማሪዎቼ መጠይቅ በተንሁ። ከጥቂቶች በቀር ሁሉም «በጣም ጥሩ» ላይ ምልክት አደረጉ። ሪፖርቱን ጽፌ ካስረከብሁ በኋላ ነው ወረቀቱን የሰበሰብሁት ራሴ፣ የተማሪዎቹን የእጅ ጽሑፍ የማውቀውም ራሴ፣ ውጤት የምሰጠውም ራሴ መሆኔ ትዝ ያለኝ።

አሁን ወደ እኛ ሰፈር እንምጣ። እዚህ ጅቡቲ አንዲት እናትን ወደ አንድ ጽሕፈት ቤት አጅቤ ሄጄ ነበር። «እማማ፣ ለምን ወጡ?» ተባሉ። «ኑሮው ከበደኝ፣ ልጄ» አሉ። አስተርጓሚው በፈረንሳይኛ «ሥራ ፍለጋ» ብሎ ተረጎመ፣ ጸሐፊውም ጻፈ። ወጥተን ጥላ ሥር ስንቀመጥ ልጃቸው እንደታሰረ፣ እርሳቸውም በየሳምንቱ እየተጠሩ ይመረመሩ እንደነበር ነገሩኝ። «ታዲያ ለምን አልነገሩትም?» ብላቸው «የማላውቀው ሰው ፊት የልጄን ስም ልጥራ?» አሉ። በ1951ዱ የጄኔቫ ስምምነት ስደተኛ የሚባለው በዘሩ፣ በሃይማኖቱ፣ በዜግነቱ፣ በማኅበራዊ ወገኑ ወይም በፖለቲካ አስተሳሰቡ እንዳይሳደድ ፈርቶ የወጣ ነው። ኑሮ የከበደው እዚያ ውስጥ የለም። ሰሙ መዝገብ ገባ፣ ወርቁ ጥላ ሥር ቀረ።

«በፈቃድ» የሚለው ቃልም በዚህ ከተማ ታሪክ አለው። በ1983 የጅቡቲና የኢትዮጵያ መንግሥታት ከተባበሩት መንግሥታት የስደተኞች ከፍተኛ ኮሚሽን ጋር ሆነው ስደተኞችን በፈቃዳቸው ወደ አገር ለመመለስ ሲሠሩ፣ ፈቃዱ ምን ያህል ፈቃድ ነው የሚለው በጊዜው ብዙ አከራክሯል። «ለመመለስ ትፈልጋለህን?» ብሎ የሚጠይቀው የመኖሪያ ወረቀትህን የሚያድሰው ወይም ራሽንህን የሚሰፍረው ከሆነ፣ «አዎን» ማለት ምን ማለት ነው?

የወንድማችን መጠይቅ 3ኛው ጥያቄ ስምንና የመጡበትን ቀበሌ ይጠይቃል። 9ኛው «ለምን ወጣህ?» ይላል፤ 11ኛው «ትመለሳለህን?» ነው። ሦስቱ በአንድ ወረቀት ላይ ሲገናኙ ጥናት መሆናቸው ቀርቶ መዝገብ ይሆናሉ። ጠያቂው ስደተኛ ስለሆነ አይፈራም የሚባል እንደሆነ፣ ባርባራ ሃረል-ቦንድ በደቡብ ሱዳን ስለነበሩት የኡጋንዳ ስደተኞች ላጠኑት፣ በ1986 ለታተመው መጽሐፍ ስደተኞችን ጠያቂ አድርገው አሠርተዋል፤ በጎ ጅምር ነው። እኛ ዘንድ ግን ስደተኛውም ስደተኛውን እንደሚፈራ ማን ያጣዋል?

ስለዚህ ጥናቱ ይቅር አልልም። በበኩሌ ውኃ በስንት እንደሚገዛ፣ ከተላከ ገንዘብ ማን ለማን እንደሚያካፍል፣ በሐምሌ ሐሩር ማን የት እንደሚያድር አብረን እየኖርን ብንመዘግብ እመርጣለሁ፤ ይህ ማንንም አያሳስርም። ወንድማችን በራሱ መንገድ ልቀጥል ካለም፣ የተሞላው ወረቀት ማታ ማታ የት እንደሚቀመጥ በሚቀጥለው እትም ይንገረን። የእኔ ክፍል በር ቁልፍ የለውም። እስከዚያው ድረስ መጠይቁን የገለበጣችሁ ሁሉ 3ኛውን ጥያቄ በቀለም ሰርዙት።