አመዱን የሚጠርገው ማን ነው? በኔቫዳ በረሃ ስለሚከበረው የጥበብ በዓል

እሳት ከብቦ መዝፈን፣ እሳት ከብቦ ማልቀስ፣ እሳት ከብቦ መመራረቅ በብዙ ሕዝቦች ዘንድ የቆየ ወግ ነው። በአገራችን ደመራ የሚደመረው እያንዳንዱ ቤት ይዞት በወጣው ችቦ ነው፤ ነበልባሉ የሁሉም የሚሆነው እንጨቱ ከሁሉም ስለመጣ ነው። ስለዚህ በእሳት የሚፈጸምን የጥበብ በዓል ለመመዘን የሚነሣ ሐያሲ፣ ነበልባሉ ምን ያህል ከፍ አለ ብሎ ከመደነቁ አስቀድሞ፣ እንጨቱን ማን አመጣው፣ ሲነድስ ማን ቆሞ ጠበቀው፣ በማግስቱስ አመዱን ማን ጠረገው ብሎ መጠየቅ ይገባዋል። በአሜሪካ በኔቫዳ ክፍለ ግዛት፣ በብላክ ሮክ በረሃ በየዓመቱ የሚከበረው «በርኒንግ ማን»፣ በአማርኛ ቢባል «የሚነደው ሰው»፣ በዚህ ሚዛን ላይ ሲቀመጥ ከሩቅ ከሚታየው የተለየ መልክ ይዞ ይገኛል።

አመጣጡ

የበዓሉ መነሻ ትንሽ ነው። በሰኔ ወር 1986 (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ላሪ ሃርቪና ጄሪ ጄምስ የተባሉ ሁለት ወዳጆች 2.4 ሜትር ገደማ ቁመት ያለው የሰው ምስል ከእንጨት አበጅተው በሳን ፍራንሲስኮ ከተማ ቤከር በተባለው የባሕር ዳርቻ አቃጠሉ። በዙሪያቸው የተሰበሰበው ሰው ሃያ ያህል ነበር። ምስሉ ከዓመት ወደ ዓመት እያደገ ሄዶ ቁመቱ 12 ሜትር ያህል በደረሰበት በ1990 ፖሊስ በዳርቻው ላይ እሳት እንዳይነድ ከለከለ። ያልነደደው ሰው ተፈታቶ ከቆየ በኋላ በዚያው ዓመት ነሐሴ ሲገባደድ ወደ በረሃው ተወሰደ። ከዚያ ወዲህ በዓሉ የበረሃ በዓል ሆነ።

ብላክ ሮክ፣ የምድር ጥናት ሊቃውንት ላሆንታን ብለው የሚጠሩት የጥንት ሐይቅ ደርቆ የተወው ወለል ነው። ዛፍ የለበትም፤ የሚጠጣ ውኃ አይገኝበትም። ነጭ አቧራው ጨዋማና የሚፈጅ በመሆኑ ባዶ እግሩን የዋለ ሰው ተረከዙ ይሰነጣጠቃል፤ የለመዱት ሰዎች ማታ ማታ እግራቸውን ኮምጣጤ ጠብ ባለበት ውኃ ይታጠባሉ። የሰሜን ፓዩት ሕዝብ የአባቶች ምድር በሆነው በዚህ ሜዳ ላይ በየዓመቱ 70,000 ያህል ሰው የሚሰፍርባት ከተማ ትቆረቆራለች፤ ከሳምንት እምብዛም ሳትሻገርም ትፈርሳለች።

ከ1996 በፊት ለዚህች ከተማ ቅጥም ልክም አልነበራትም። በዚያ ዓመት አንድ ሰው በሞተር ብስክሌት አደጋ ሲሞት፣ በድንኳናቸው ውስጥ የነበሩ ሰዎችም በመኪና ተገጭተው ሲቆስሉ፣ ነጻነትን ከሥርዓት አልባነት ጋር ማምታታት ምን እንደሚያስከፍል ታየ። ከዚህ በኋላ ሮድ ጋሬት የተባለ ንድፍ አውጪ ከተማዋን በቀስት መልክ ነደፋት። ጎዳናዎቹ በሰዓት ቁጥር ይጠራሉ፤ ሁሉም መንገድ ወደ መካከሉ፣ ወደ እንጨቱ ሰው ያመለክታል። ቅርፁ የተወለደው ከውበት ፍለጋ ብቻ ሳይሆን ከሐዘን ጭምር መሆኑ ሊዘነጋ አይገባም።

ተመልካች የሌለበት ትርኢት

ሃርቪ በ2004 የበዓሉን አሥር መርሆዎች በጽሑፍ አሰፈረ። ስጦታ፣ ከሸቀጥ ነጻ መሆን፣ የጋራ ጥረት፣ ዱካ አለመተው፣ ተሳትፎ ከእነዚህ ውስጥ ይገኛሉ። የተውኔት ሰዎችን ከሁሉ አብልጦ የሚያሳስበው የመጨረሻው ነው። በበዓሉ ሕግ ተመልካች የሚባል ወገን የለም፤ የመጣ ሁሉ አንድ ነገር ይሠራል፣ አንድ ነገር ይሰጣል። ብዙ የቲያትር አዳራሾች ሕዝቡን በጨለማ አስቀምጠው እንዲያጨበጭብ ብቻ በሚፈቅዱለት ዓለም ይህ ቀላል ጥያቄ አይደለም።

ይሁን እንጂ ተሳትፎ ማለት ልዩ ልዩ ልብስ ለብሶ፣ ፊትን በቀለም ነክሮ በሜዳው ላይ መዘዋወር ብቻ ቢሆን ኖሮ የአደባባይ ጭፈራ ከመሆን አያልፍም ነበር። ትርጉም የሚሰጡት የበጎ ፈቃደኞቹ ሥራዎች ናቸው። በበሩ ላይ የሚቆሙት አዲስ ገብውን አቅፈው ይቀበላሉ፤ በአቧራው ላይ ያንከባልሉታል፤ ደወል ያስደውሉታል። ከ1992 ጀምሮ «ሬንጀር» እየተባሉ የሚያገለግሉት ደግሞ መሣሪያ ሳይዙ በሰፈሩ እየዞሩ ጠብ ያበርዳሉ፤ ሥልጠናቸው እጅን ከማንሣት በፊት ጆሮን መስጠትን ያስተምራቸዋል። በረዶ የሚያድሉት ቀኑን ሙሉ ከበረዶ ጋር ሲታገሉ ይውላሉ። በከተማዋ ዛሬ ለሽያጭ የሚቀርበው ዋና ነገር ይኸው በረዶ ነው፤ ለረጅም ዘመን ይሸጥ የነበረው ቡና እንኳ ከ2022 ጀምሮ ቀርቷል።

ከሁሉ ይልቅ ልብ የሚነካው የፋኖስ አብሪዎቹ ሥራ ነው። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ነጭ ካባ የለበሱ ሰዎች በላምባ የሚነዱ ፋኖሶችን በረጅም እንጨት ላይ አንጠልጥለው በትከሻቸው ይሸከማሉ። በሰልፍ፣ በዝግታ ወደ ዋናዎቹ ጎዳናዎች ይወጣሉ። አንዱ ይሸከማል፣ ሌላው ያቀብላል፣ ሦስተኛው በረጅም ዘንግ ፋኖሱን ከምሰሶው ጫፍ ላይ ይሰቅላል። ከሰዓት በኋላ ቀርቦ ልሥራ ያለ መንገደኛ ካባ ይሰጠዋል። ለተውኔት ዐይን ይህ ምሉዕ ትርኢት ነው፤ ልብስ፣ ሰልፍ፣ ሥርዓትና ድርጊት አለው። ሆኖም ካባው ለታይታ አልተሰፋም፤ ሰልፉም ለጭብጨባ አልተሰለፈም። ሰልፉ ሲያልቅ መንገዱ በርቷል። በጨለማ የሚሄድ ሰው እግሩን የሚያሳርፍበትን ያያል። ጥበብና ጥቅም በአንድ እጅ ሲሠሩ የሚታዩበት፣ ከሚቃጠለው ግዙፍ ምስል የበለጠ ጥልቀት ያለው ትዕይንት ይህ ነው።

ሌላው የበጎ ፈቃደኞች ትዕይንት ተመልካች ጭራሽ የለውም። ከተማዋ ከተነሣች በኋላ የጽዳት ቡድኑ በረድፍ ተሰልፎ ዐይኑን መሬት ላይ ተክሎ ሜዳውን ያስሳል። ሚስማር፣ የእንጨት ስንጣሪ፣ የሲጋራ ቁራጭ፣ ከልብስ የረገፈ አንጸባራቂ ቅንጣት አንድ በአንድ ይለቀማል። ቦታውን የሚያስተዳድረው የፌዴራሉ መንግሥት የመሬት ቢሮ ፈቃድ የሚሰጠው በእያንዳንዱ ኤከር የሚቀረው ቆሻሻ ተደምሮ ከአንድ ካሬ ጫማ እንዳይበልጥ ነው። ከዚያም የትኛው ሰፈር ንጹሕ፣ የትኛው ቆሻሻ እንደነበረ በአረንጓዴ፣ በቢጫና በቀይ የሚያሳይ ካርታ ለሕዝብ ይወጣል። ምናልባት የበዓሉ እውነተኛ ሂስ ይህ ካርታ ነው፤ ማን እንደደነሰ ሳይሆን ማን እንዳጸዳ ይናገራልና።

ገንዘብ ከአጥሩ ወዲህና ወዲያ

እስከዚህ ድረስ መልካም ነው። ነገር ግን ሂስ የአንድን ሥራ ውስጣዊ ቅራኔ ካላወጣ ውዳሴ ሆኖ ይቀራል። በአጥሩ ውስጥ ገንዘብ እንደማይሠራ ይነገራል፤ በአጥሩ በር ላይ ግን ገንዘብ ቆሞ ይጠብቃል። በ2023 የመደበኛው ትኬት ዋጋ 575 ዶላር ነበር። የመኪና ማስገቢያው፣ ውኃው፣ ስንቁ፣ ድንኳኑ፣ ነዳጁ ለየብቻ ነው። ገቢያቸው አነስተኛ ለሆነ ሰዎች ቅናሽ መኖሩ እውነት ነው። ሆኖም ከሥራው አንድ ሳምንት ቀርቶ በረሃ ለመክረም የሚችለው ወዛደር ስንት ነው? በስጦታ የሚሰጠው ምግብና መጠጥም አስቀድሞ ከገበያ የተገዛ ነው። ገበያውን ያላፈረሰ፣ ለጊዜው ብቻ ከዐይን የሰወረ ስጦታ አዲስ የኑሮ ሥርዓት ነው ተብሎ ሊሰበክ አይገባውም።

የበጎ ፈቃዱም ጉዳይ ከዚህ አይለይም። ብዙ በጎ ፈቃደኞች ትኬታቸውን ከኪሳቸው ገዝተው ገብተው የሚሠሩ ናቸው። ድርጅቱ ለትርፍ ወዳልቆመ ተቋም የተዛወረው በ2013 መገባደጃ ላይ ነው፤ ከዚያ አስቀድሞ የጥቂት ባለድርሻዎች ኩባንያ ነበር። ያ ሁሉ ፋኖስ ያበራ፣ ያ ሁሉ ሜዳ የለቀመ ሰው ድካሙን ለጎረቤቱ ሲሰጥ፣ ስሙ ለኩባንያው ይቆጠር ነበር ማለት ነው። ከዚህም ሌላ ባለጸጎች ምግብ አብሳይና አገልጋይ ቀጥረው፣ የማቀዝቀዣ መሣሪያ ባለው ሰፈር ተንደላቀው የሚሰነብቱበት ልማድ ብዙ ክርክር አስነሥቷል። በ2019 አዘጋጆቹ እንዲህ ካሉት ሰፈሮች አንዱ ዳግም እንዳይመጣ እስከማገድ ደርሰዋል። በ2023 ደግሞ ስለ አየር ንብረት የሚሟገቱ ሰዎች ወደ በዓሉ የሚወስደውን መንገድ ዘግተው፣ የግል አውሮፕላን ይዞ መምጣት እንዲቀር ጠይቀዋል። ተመልካች የለም የተባለበት ሜዳ አገልጋይና ተገልጋይ ካለበት፣ ግድግዳው ከመድረኩ ፊት ተነሥቶ ከድንኳኑ ፊት ቆመ ማለት ነው።

ብራዚላዊው የተውኔት ሰው አውጉስቶ ቦአል ተመልካች ከወንበሩ ተነሥቶ ተዋናይ እንዲሆን ሲያስተምር ዓላማው ግልጽ ነበር፤ የተጨቆነው ሰው በመድረክ ላይ የተለማመደውን ነጻነት በኑሮው ላይ እንዲሞክረው ነው። ስለዚህ የተሳትፎ ሁሉ መለኪያው «ሁሉም ተሳተፈ ወይ?» የሚለው ብቻ ሳይሆን «የተሳተፈው ለምንድን ነው?» የሚለውም ነው።

በጭቃ የተፈተነ ሕግ

ፈተናው በዚያው በ2023 በዓሉ ሊያበቃ ሲል መጣ። ዝናብ ዘነበ። ደረቁ ሐይቅ ወደ ጥንት ጠባዩ ተመለሰና አቧራው እንደ ማጣበቂያ ከጫማና ከጎማ ጋር የሚጣበቅ ጭቃ ሆነ። መንገዶች ተዘጉ፤ በአስር ሺዎች የሚቆጠር ሰው ባለበት ታገደ፤ ውኃና ምግብ እንዲቆጠብ ተነገረ። አንዳንዶች ለኪሎ ሜትሮች በጭቃ እየዳከሩ በእግራቸው ወጡ። የቀሩት ግን ያላቸውን ተካፍለው በሉ፤ የጎረቤታቸውን ድንኳን ደገፉ፤ ሌላው ቀርቶ በዝናብ መካከል ዘፈኑ። መርሆው በጽሑፍ ብቻ የሰፈረ ቢሆን ኖሮ በዚያ ጭቃ ውስጥ ሰምጦ በቀረ ነበር። አልሰመጠም። ዕለት በዕለት ፋኖስ ለሰቀለና በረዶ ላደለ ሕዝብ መረዳዳት አዲስ ነገር አልሆነበትም። ቅዳሜ ሊነድ የነበረው ሰው የነደደው ሰኞ ማታ ነው፤ ያ ሰኞ በአሜሪካ የሠራተኞች ቀን ነበር። የአጋጣሚ ነገር ቢሆንም የድካሙ ባለቤት ማን እንደሆነ የሚያስታውስ አጋጣሚ ነው።

ከእሳት የተረፈ፣ በእሳት የተረፈ

የበዓሉን ኪነ ጥበብ ፍሬ ለመለየት ሁለት ሥራዎችን ጎን ለጎን ማየት ይጠቅማል። የመጀመሪያው ማርኮ ኮክረን በ2010 በበረሃው ያቆመው «የሐሴት ዳንስ» የተባለው ሐውልት ነው። 12 ሜትር ያህል የምትረዝም፣ ከብረት የተሠራች ደናሽ ሴት ናት። የቅርፁ ብቃት አያጠራጥርም። ግን ዛሬ የት ትገኛለች? በዚያው በኔቫዳ፣ በላስ ቬጋስ ከተማ፣ በቁማር ቤቶች መካከል ቆማለች። ገንዘብ በማይሠራበት ሜዳ የተወለደችው ደናሽ ሌት ተቀን ገንዘብ በሚቆጠርበት ሰፈር ጌጥ ሆነች። ጥፋቱ የቀራጺው ብቻ አይደለም፤ ለዐይን ደስታ ብቻ የተበጀ ነገር ደስታ ወደሚሸጥበት መሄዱ አይቀርም።

ሁለተኛው ዴቪድ ቤስት ያስጀመረው ቤተ መቅደስ ነው። በ2000 ቤስትና ባልንጀሮቹ ከፋብሪካ የተጣለ ርፍራፊ እንጨት ይዘው ለሥራ ሲሰናዱ አንድ ወጣት ጓደኛቸው በሞተር ብስክሌት አደጋ ሞተ። ሥራውን ለእርሱ መታሰቢያ አደረጉት። ሰዎችም እየመጡ የሞቱባቸውን ወገኖች ስም በግድግዳው ላይ መጻፍ ጀመሩ። ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ ቤተ መቅደስ ይሠራል። ፎቶግራፍ፣ ደብዳቤ፣ የሟች ልብስ ይቀመጥበታል፤ በመጨረሻውም ሌሊት ይነዳል። እንጨቱ ሰው ሲነድ ጩኸትና ጭፈራ ነው፤ ቤተ መቅደሱ ሲነድ ግን ያ ሁሉ ሺህ ሕዝብ ዝም ይላል። የሙሾን ወግ የሚያውቅ ሰው ያ ዝምታ ምን እንደሆነ አይጠፋውም።

ይህም ሥራ ከበረሃው ወጥቷል፤ የሄደው ግን ወደ ቁማር ቤት አይደለም። በ2015 ቤስት በሰሜን አየርላንድ በደሪ ከተማ ከአካባቢው ወጣቶች ጋር ቤተ መቅደስ ሠራ። በዚያች ከተማ ታላላቅ እሳቶች ለዘመናት የካቶሊኩና የፕሮቴስታንቱ መለያያ ምልክት ነበሩ። በዚህኛው እሳት ግን የሁለቱም ወገኖች የሙታን ስም በአንድ ግድግዳ ላይ ተጻፈ፤ በአንድ ነበልባልም ወጣ። መግቢያ አልተከፈለበትም። በረሃው ለዓለም የሰጠው ስጦታ ካለ ይህ ነው።

ማጠቃለያ

እንግዲህ ፍርዱ ወደ መነሻው ጥያቄ ይመለሳል። «የሚነደው ሰው» ታላቅነቱ በእንጨቱ ሰው ቁመት አይደለም፤ ቁመትን ገንዘብ ሊያስረዝመው ይችላል። ለየት ያለ አኗኗር አሳየሁ የሚለውም በአጥርና በትኬት እስከተወሰነ ድረስ ግማሽ እውነት ነው። እውነተኛው የጥበብ ሥራ ፋኖስ ተሸካሚው በትከሻው፣ ለቃሚው በጎንበሱ፣ ሐዘንተኛው በእጅ ጽሑፉ የሚሠሩት ነው።

ይህ ለበዓል አዘጋጁም፣ ለመምህሩም፣ ለከያኒውም የሚያቀብለው ቁም ነገር አለው። የባህል ሳምንት ሲዘጋጅ ዘወትር አስቀድሞ የሚታሰበው የክብር እንግዳው ወንበርና የመድረኩ ቀለም ነው። ሕዝቡ ይጠራል፣ ይቀመጣል፣ ያጨበጭባል፣ ይበተናል፤ በማግስቱ ሜዳውን የሚጠርጉት ሴቶች በዝግጅቱ መጽሔት ላይ ስማቸው አይገኝም። ከሩቁ በረሃ መቅሰም የሚያሻው እሳቱንና አልባሳቱን አይደለም፤ ለመጣው ሰው ሁሉ ወንበር ሳይሆን ሥራ ማዘጋጀትን፣ ሥራውንም ከጥበቡ እኩል ማክበርን ነው። ይህ የተደረገ እንደሆነ «አመዱን የሚጠርገው ማን ነው?» ተብሎ ሲጠየቅ፣ ችቦውን ይዞ የመጣው ሁሉ «እኛ» ብሎ ይመልሳል።