ሠልጣኙ አማካሪና የድሃ ምስጢር



አካላችን ሲታመም ወደ ጤና ጣቢያ እንሄዳለን፤ ካርድ እናወጣለን፤ መድኃኒት እንገዛለን፤ ጎረቤትም መጥቶ ይጠይቀናል። ልብ ሲጨነቅ፣ እንቅልፍ ሲጠፋ፣ ሰውም ሥራም ሲያስጠላ ግን ወዴት እንደሚኬድ ብዙዎቻችን አናውቅም። የምናውቀውም እናፍራለን። ሐፍረቱን ብናሸንፍ እንኳ ከቤት ኪራይና ከቀለብ የሚተርፍ ገንዘብ የለንም።

ለዚህ የገንዘብ ችግር በሌላው ዓለም የተለመደ አንድ አሠራር አለ። ገና በሥልጠና ላይ ያሉ የሥነ ልቦና አማካሪዎች በመምህሮቻቸው ቁጥጥር ሥር ሆነው ችግረኛውን በአነስተኛ ዋጋ፣ አንዳንዴም ያለ ክፍያ ያያሉ። ሠልጣኙ ልምድ ያገኛል፤ ችግረኛውም የሚሰማው ሰው ያገኛል። ብዙ ጊዜ የሚሠሩበት ስልት ሳይኮዳይናሚክ የተባለው ነው። ለመሆኑ ይህ አሠራር እንደ አቃቂ ቃሊቲ ላለ የሠራተኛ ሰፈር ይበጃልን? በጭፍን ሳንቀበል፣ በጭፍንም ሳንነቅፍ እስቲ እንመርምረው።

ስልቱ ምን ይላል?

ሳይኮዳይናሚክ የሚለው ቃል ያስፈራል እንጂ ሐሳቡን መረዳት ከባድ አይደለም። ሰው በልጅነቱ የደረሰበትን ይረሳል፤ የተረሳው ነገር ግን ሥራውን አይተውም። ለምሳሌ አንድ የፋብሪካ ሠራተኛ እንውሰድ። አለቃው ድምፁን ከፍ ባደረገ ቁጥር እጁ ይንቀጠቀጣል፤ ማታ ደግሞ ቤቱ ገብቶ በልጆቹ ላይ ይጮኻል። «ታገሥ» ቢሉት መታገሥ እንዳለበት እርሱም ያውቃል። አማካሪው ይህን አይለውም። በየሳምንቱ በተወሰነ ቀንና ሰዓት ለሃምሳ ደቂቃ ያህል ይሰማዋል፤ ይጠይቀዋል። ሠራተኛው በአማካሪው ላይ የሚያሳየው ፍርሃት ወይም ቁጣ ራሱ እንደ ምልክት ይታያል። ከብዙ ሳምንት በኋላ፣ በአለቃው ጩኸት ውስጥ የሚሰማው በልጅነቱ ይደበድበው የነበረውን ሰው ድምፅ መሆኑን ሰውዬው ራሱ ይደርስበታል። ይህን ያወቀ ሰው በአንድ ቀን አይድንም፤ ነገር ግን በልጆቹ ላይ ከመጮኹ በፊት የሚያስብበት ጥቂት ጊዜ ያገኛል።

እዚህ ላይ ስሙ ራሱ ያሳስታል። ሥራው በእኛ ቋንቋ «የምክር አገልግሎት» ይባላል። ይህን የሰማ ሰው ምክር ጠብቆ ይሄዳል፤ ዝም ብሎ የሚያዳምጥ ሰው ሲያገኝ «ምንም አላለኝም» ብሎ ይመለሳል። እዚያ በዋናነት የሚሰጠው ጆሮ መሆኑ ገና ከበሩ ሊነገረው ይገባል።

ከየት መጣ?

በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። የዚህ ስልት መሥራች ሲግመንድ ፍሮይድ በ1918 በቡዳፔስት ከተማ ባደረገው ንግግር፣ ድሃው የቀዶ ሕክምና እንደሚገባው ሁሉ ለአእምሮውም እርዳታ ይገባዋል የሚል ሐሳብ አቀረበ። በ1920 ማክስ አይቲንጎን የተባለ ሐኪም ከባልደረቦቹ ጋር በበርሊን ክሊኒክ ከፈተ፤ ከቤተሰቡ ሀብትም ወጪውን ሸፈነ። ታማሚው እንደ አቅሙ ይከፍል ነበር፤ የሌለው በነጻ ይታይ ነበር። በ1922 በቪየና፣ በ1926 ደግሞ በለንደን ተመሳሳይ ክሊኒኮች ተከፈቱ። የቪየናው በ1938 ናዚዎች ከተማዋን ሲይዙ ተዘጋ።

የበርሊኑ ክሊኒክ በሠልጣኙ ላይ ሦስት ግዴታ ይጥል ነበር። ትምህርቱን ይማራል። እርሱ ራሱ በሌላ ባለሙያ ፊት ቀርቦ የገዛ ልቡን ያስመረምራል። ታማሚዎችንም በአንጋፋ ባለሙያ ተቆጣጣሪነት ያያል። በመድረሳ ያደገ ሰው ይህን ለመረዳት አይቸገርም። ደረሳ ኪታቡን በሸኹ ፊት ይቀራል፤ ስሕተቱ ይታረማል። ታናናሾቹን ሲያቀራም ሸኹ ቅርብ ሆኖ ያዳምጠዋል። በራሱ ሐላፊነት የሚያቀራው ኢጃዛ ሲያገኝ ነው።

ፍሮይድ ሃይማኖትን የሰው ምኞት የወለደው ነገር አድርጎ እንደጻፈ እናውቃለን፤ ይህን አንቀበልም። ነገር ግን በመጥረቢያ ለመጠቀም የአንጥረኛውን እምነት መያዝ አያስፈልግም።

ድሃውንና ተማሪውን በአንድ ጣራ ሥር ማገናኘትም ለእስልምና ታሪክ እንግዳ አይደለም። በ1154 በደማስቆ የተሠራው የኑረዲን ሆስፒታልና በ1284 በካይሮ የተሠራው የቀላዉን ሆስፒታል በወቅፍ ገቢ ይተዳደሩ ነበር። ድሃው ሳይከፍል ይታከማል፤ የሕክምና ተማሪዎችም እዚያው ይማራሉ። የቀላዉን ሆስፒታል የአእምሮ ሕሙማንን ጭምር ይቀበል ነበር። ከዚያ አስቀድሞ፣ በ934 ያረፈው አቡ ዘይድ አል በልኺ ስለ አካልና ስለ ነፍስ ጤና በጻፈው መጽሐፍ ነፍስም እንደ አካል እንደምትታመምና የራሷ ሕክምና እንደሚያሻት አስረድቷል።

የእኛስ ሀገር?

በሀገራችን ለብዙ አሥርተ ዓመታት ብቸኛው የአእምሮ ሆስፒታል መርካቶ አካባቢ የሚገኘው አማኑኤል ነበር። የአእምሮ ሕክምና ነርሶችን ማሠልጠን የተጀመረው በ1987 ነው። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በካናዳው የቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ ትብብር የአእምሮ ስፔሻሊስት ሐኪሞችን በሀገር ውስጥ ማሠልጠን የጀመረው በ2003 ሲሆን፣ ያን ጊዜ በመላ ሀገሪቱ የነበሩት የአእምሮ ሐኪሞች 11 ገደማ ነበሩ። ሥልጠናው መድኃኒት ከማዘዝ አልፎ በንግግር ማከምንም ይጨምራል። እንግዲህ በማስተማሪያ ሆስፒታል የታከመ ሰው ሁሉ በሠልጣኝ እጅ አልፎ ሊሆን ስለሚችል፣ «ሠልጣኝ አይየኝ» ማለት ብዙ አያስኬድም።

የኡጋንዳ ልምድም ይጠቅመናል። በ2002 በደቡብ ምዕራብ ኡጋንዳ መንደሮች፣ የሕክምና ትምህርት የሌላቸው የአካባቢው ተወላጆች ለሁለት ሳምንት ሠልጥነው በድባቴ የተያዙ ሰዎችን በቡድን ለ16 ሳምንት አወያዩ። በውይይቱ የተካፈሉት ካልተካፈሉት ይልቅ እጅግ ተሻላቸው። ያ ስልት ከሳይኮዳይናሚክ ጋር ዝምድና ቢኖረውም አጭር ነው፤ ልጅነትን ከመቆፈር ይልቅ ዛሬ ባለው ሐዘን፣ ጠብና የኑሮ ለውጥ ላይ ያተኩራል። በአግባቡ ተመርጦና ተጠብቆ የተሰጠ ሥራ በጀማሪ እጅም ፍሬ እንደሚያፈራ ከዚህ እንማራለን።

የምንነቅፈው

አሁን ወደ ሰፈራችን እንመለስ። አቃቂ ቃሊቲ የፋብሪካና የመጋዘን አካባቢ ነው። ብዙው ሰው በሺፍት ይሠራል፤ ቤተሰብ ሙሉ በአንድ ክፍል የኪራይ ቤት ይኖራል። ብዙ ልጆቻችን ወደ ዐረብ ሀገር ሄደዋል። ከ2013 መጨረሻ ጀምሮ በጥቂት ወራት ውስጥ ብቻ ከሳዑዲ ዐረቢያ ከ160 ሺህ በላይ ኢትዮጵያውያን እንዲመለሱ ተደርጓል። ከእንዲህ ያለ ስደት የተመለሰች ልጅ ያየችውን ለእናቷ እንኳ ላትናገር ትችላለች። ሰሚ የሚያስፈልገው ሰው በሰፈራችን ሞልቷል።

ይሁን እንጂ አነስተኛ ዋጋውን እንደ ሶደቃ ቆጥሮ አፍን መዝጋት ስሕተት ነው። ሠልጣኙ ያለዚህ ድሃ ትምህርቱን አይጨርስም። ድሃው በብር ያልከፈለውን በምስጢሩና በአመኔታው ይከፍላል። ስለዚህ ነገሩ አማና ነው፤ አማናም ግዴታ አለው።

የመጀመሪያው ግዴታ ምስጢር ነው። ሠልጣኙ የሰማውን ለተቆጣጣሪው ማቅረቡ የሥልጠናው ደንብ ነው፤ ይህ ግን ለታማሚው አስቀድሞ ሊነገረው ይገባል። ከዚያ ውጭ አንድ ቃል መውጣት የለበትም። በትልቅ ከተማ መሃል የወጣ ወሬ ሊጠፋ ይችላል፤ በጋራ ቧንቧና በጋራ ግቢ በሚኖር ሰፈር ግን የአንዲትን ልጅ ትዳር ያፈርሳል።

ሁለተኛውና ከሁሉም የሚከብደው የመለያየቱ ነገር ነው። ሠልጣኝ ትምህርቱን ጨርሶ ይሄዳል። እናቷ በሕፃንነቷ ጥላት ዐረብ ሀገር የሄደች አንዲት ልጅ እናስብ። ለወራት ዝም ብላ ቆይታ በመጨረሻ ለአንዲት ሠልጣኝ ልቧን ከፈተች። ሐምሌ ሲመጣ ሠልጣኟ ተመረቀች፤ በሩ ተዘጋ። ልጅቱ ከዚህ የምትማረው ምንድን ነው? ያመኑት ሰው ሁሉ እንደሚሄድ ነው። ሊጠገን የተፈለገው ስብራት በዚያው ቦታ ላይ እንደገና ተሰበረ። ይህ አሠራር የሚፈተነው እዚህ ላይ ይመስለናል። ማብቂያው ቀን በመጀመሪያው ቀን ካልተነገረ፣ ተረካቢው በስም ካልታወቀ፣ ለመሰነባበቻ በቂ ሳምንታት ካልተመደቡ፣ የተዘጋውን ቁስል ባይከፍቱት ይሻላል። ጊዜው አጭር ከሆነም እንደ ኡጋንዳው ባለ አጭር ስልት ቢሠሩ ሐቀኝነት ነው።

ሦስተኛው የራስን ልክ ማወቅ ነው። ሌላው የማይሰማውን ድምፅ የሚሰማ፣ ራሱን ለመግደል የሚያስብ፣ የሚጥል በሽታ ያለበት ሰው በጀማሪ ውይይት ብቻ አይያዝም። ወደ ጤና ጣቢያ ወይም ወደ ሆስፒታል መላክ አለበት። በክፍለ ከተማችን ጥሩነሽ ቤጂንግ ሆስፒታል አለ፤ አማኑኤልም ሩቅ ቢሆን የማይደረስበት አይደለም። «አልችለውም» ብሎ የሚልክ ሠልጣኝ ሊመሰገን ይገባል።

አራተኛው ቋንቋና ሰዓት ነው። ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ነው፤ የእኛ እናት ግን «ልቤን ጨነቀኝ»፣ «ሆዴ ባባ»፣ «ራሴን ያቃጥለኛል» ትላለች። ኦሮምኛ፣ ስልጥኛ ወይም ጉራጊኛ አፉን የፈታም ብዙ ነው። ይህን ሳይረዱ መጽሐፍ ላይ ያለውን ስም መለጠፍ ጥቅም የለውም። በሺፍት የሚሠራ ሰውም ሁልጊዜ ማክሰኞ በአራት ሰዓት ና ቢሉት አይችልም። ባይመጣ «ፈቃደኛ አይደለም» ተብሎ ሊጻፍበት አይገባም።

አምስተኛው የወላጅ ጉዳይ ነው። ልጅነትን የሚመረምር ስልት ወላጅን ወደ መክሰስ በቀላሉ ያዘነብላል። አባቱ ምን እንዳደረገው ማወቅና አባትን ማዋረድ ይለያያሉ። ድሃ አባት የቀጣውም ያልቀጣውም በራሱ ጭንቅ ውስጥ ሆኖ ነው። የወላጅን ሐቅ የሚያከብር አማካሪ ልጁን ከቤቱ ሳይነጥል ሊረዳው ይችላል። እንደዚሁም ሴት እህቶቻችን ሴት አማካሪ ሲጠይቁ እንደ ኋላ ቀርነት ሊታይባቸው አይገባም።

ነቀፋው ለእኛም ነው

ውድ አንባቢያን፣ ሠልጣኞቹን ብቻ ነቅፈን ብንተው ፍርዳችን ሚዛን አይደፋም። በቤታችን ያዘነ ሰው አፉን ከመክፈቱ «ሶብር አድርግ» እንለዋለን። ሶብር ታላቅ ነገር ነው፤ ነገር ግን ያልሰሙትን ሰው ሶብር ማለት ከእርሱ ለመገላገል የሚደረግ ብልሃት ሊሆን ይችላል። ነቢዩ የዕቁብ (ዐ.ሰ.) ያማረ ትዕግሥት የነበራቸው ነቢይ ናቸው። ያም ሆኖ በዩሱፍ (ዐ.ሰ.) ሐዘን ዓይናቸው እስኪጠፋ አልቅሰዋል፤ ስሞታቸውንም ወደ አላህ (ሱ.ወ.) አቅርበዋል። ታዲያ ያለቀሰን ሰው ኢማኑ ደከመ የምንለው ከየት አምጥተን ነው?

ቁርኣን መቅራትና ዱዓ ለልብ እረፍት መሆናቸውን አንጠራጠርም። የምንነቅፈው የታመመን ልጅ አስሮ የሚገርፈውንና በሩቅያ ስም ገንዘብ የሚሰበስበውን ነው። መድኃኒት መውሰድም ሆነ ለሚያዳምጥ ሰው መናገር ከዱዓ ጋር አይጣላም።

እንግዲህ እንዲህ ያለ አገልግሎት ወደ ሰፈራችን ቢመጣ ወላጅ በሩ ላይ የሚጠይቀው ይህን ነው። ሠልጣኙ ማን ነው? ተቆጣጣሪውስ? የምንናገረውን ማን ይሰማል? መቼ ያበቃል? ከዚያ በኋላ ማን ይረከበናል? በሽታው ቢከብድ ወዴት ትልኩናላችሁ? ለእነዚህ ጥያቄዎች ግልጽ መልስ የሚሰጥ ቦታ ከተገኘ ልጃችንን ይዘን ለመግባት አንፈር። መልስ የማይሰጥ ከሆነ ዋጋው ቢረክስም እንለፈው። አቅም ያላቸው ወገኖቻችንም የቀደሙት በወቅፍ የሠሩትን አስታውሰው፣ ለተቆጣጣሪ ባለሙያ ደመወዝ የሚሆን ገቢ ቢያቆሙ ሠልጣኙ ሲሄድ የሚቀር ሰው ይኖራል።

አላህ (ሱ.ወ.) የታመሙትን ያሽርልን፤ የተጨነቁትን ያረጋጋልን፤ ለተናጋሪው ሰሚ፣ ለሰሚውም ታማኝነትን ይስጥልን። አሚን።

ወቢላሂ ተውፊቅ።