ሰንስክሪኑን ፈርተን፣ የሚያቀላውን ክሬም አምነን

«ሰንስክሪን መርዝ ነው፤ ደም ውስጥ ይገባል» ሲባል ሰምታችሁ ይሆናል። ወሬው ግማሽ እውነት አለው። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር ተመራማሪዎች በ2019 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት፣ 24 ሰዎች ለ4 ቀናት በቀን 4 ጊዜ ተቀብተው እንደ ኦክሲቤንዞን ያሉ ንጥረ ነገሮች ደማቸው ውስጥ ተገኝተዋል። ግን ደም ውስጥ መግባትና መጉዳት ለየቅል ናቸው፤ ተመራማሪዎቹም መቀባቱን አቁሙ አላሉም። የሚሰጋ ሰው ዚንክ ኦክሳይድ ያለበትን ይምረጥ።

የወሬው ትልቁ ጥፋት ግን ዓይናችንን ከዋናው አደጋ ማንሳቱ ነው። አራዳ ወጥታችሁ ፊት «የሚያቀላ» ክሬም ስትገዙ ጀርባውን አንብባችሁ ታውቃላችሁ? ክሎቤታሶል ሐኪም ለችፌና ለመሳሰሉት ለአጭር ጊዜ የሚያዘው ኃይለኛ ስቴሮይድ ነው፤ ፊት ላይ ለወራት ሲቀባ ቆዳን ያሳሳል። ሜርኩሪ ኩላሊትን ይጎዳል። ሃይድሮኪኖንን የአውሮፓ ኅብረት ከ2001 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከቆዳ ማቅያ ክሬሞች አግዶታል።

ነገሩ በጎንደር ይብሳል። ከተማችን ከባሕር ወለል ከ2,000 ሜትር በላይ ናት፤ በየ1,000 ሜትሩ የፀሐይ አልትራቫዮሌት ጨረር 10 በመቶ ገደማ ይጨምራል። ጨረሩን የሚመክትልን ሜላኒን ነው፤ የሚያቀላው ክሬም የሚቀንሰውም እሱኑ ነው። በጠራራ ፀሐይ የራስን ጃንጥላ እንደመቅደድ በሉት።

ስለዚህ ይዘቱ ያልተጻፈበትን ክሬም አትግዙ። ስቴሮይድ ያለበትን ለረጅም ጊዜ ስትቀቡ ከቆያችሁ ደግሞ በድንገት ከማቆማችሁ በፊት የቆዳ ሐኪም አማክሩ።