የአጭሯ ዓይን ሙያ

አዲስ አበባ ላደገ ሰው ዳንቴል ምን እንደሆነ መንገር ለቀባሪው ማርዳት ነው። ቴሌቪዥኑ ላይ፣ የሶፋው መደገፊያ ላይ፣ ቡፌው ላይ ተነጥፎ አይተነዋል። ክሩ ቀጭንና ነጭ፣ ኪሮሹም ቀጭን ብረት ነው። አበባውና ቀዳዳው እየተፈራረቀ ይሠራና ታጥቦ፣ አሚዶ ጠጥቶ፣ ተተኩሶ ሲዘረጋ የሠሪዋን ሙያ ይናገራል። ክፍትና ስስ በሆነ መጠን ያስመሰግናል።

እዚህ በሆላንዷ ዞተርሜር ከተማ ክር ይዘን ስንሰባሰብ ግን አብዛኛውን ጊዜ የምንሠራው ቀዳዳ የሌለውን ነው። ሆላንዶች «ቫስተ» ይሏታል፤ አጭር፣ ጥቅጥቅ ያለች፣ ሌላው ሥራ ሁሉ የሚነሳባት ዓይን ናት። ዳንቴል ከአገር ቤት ይዘው የመጡ እናቶች መጀመሪያ ላይ ይንቋታል። «ይቺማ የልጅ ሥራ ናት» ይላሉ። በእርግጥ ልጅም በአንድ ከሰዓት ይለምዳታል። እኔ ግን የሰው እጅ የሚታወቀው በእሷ ነው ባይ ነኝ። አበባ ባለበት ሥራ ላይ አንዲት የላላች ዓይን ከቅጠሉ ጋር ተመሳስላ ታልፋለች፤ ሜዳ ሥራ ላይ ግን መደበቂያ የላትም።

አሠራሯ እንዲህ ነው። ክሩ ጫፍ ላይ የሚጠብቅና የሚላላ ቀለበት ተቋጥሮ ኪሮሹ ላይ ይገባል። ክር ጣል አድርጎ በቀለበቱ ውስጥ መሳብ አንድ ሰንሰለት ይሰጣል። ለትንሽ የዕቃ ማጠቢያ ጨርቅ ሙከራ 21 ሰንሰለት ይበቃል። ከኪሮሹ ቀጥላ ያለችውን ትቶ ሁለተኛዋ ውስጥ መግባት፣ ክር ጣል አድርጎ ማውጣት፤ አሁን ኪሮሹ ላይ ሁለት ቀለበት አለ። እንደገና ክር ጣል አድርጎ ሁለቱንም ባንዴ ማለፍ። አንዷ ቫስተ ተሠራች። በዚሁ እስከ ዳር ሲኬድ 20 ይሞላል። ከዚያ አንድ ሰንሰለት ለመታጠፊያ ተሠርቶ ሥራው ይገለበጥና የመልስ ጉዞው ይጀመራል።

የተሠራውን ጠጋ ብሎ ማየት ያስፈልጋል። እያንዳንዷ ዓይን አናቷ ላይ በአንድ ጫፍ የተገናኙ ሁለት ክሮች አሏት። ኪሮሹ በሁለቱም ሥር መግባት አለበት። ከኋላ ያለችውን ክር ብቻ እየያዙ ከሄዱ ጨርቁ መስመር መስመር ያወጣል፣ እንደ ላስቲክም ይለጠጣል። ታስቦበት ሲሆን ለሹራብ እጅጌና ለኮፍያ ጠርዝ ጥሩ ዘዴ ነው፤ ሳይታሰብ ከሆነ ግን ጨርቁ ወጣ ገባ ይሆናል።

ትልቁ ጣጣ ዳሩ ላይ ነው። የመታጠፊያዋ ሰንሰለት ዓይን ትመስላለች፤ እውነተኛዋ የመጨረሻ ዓይን ደግሞ ጎንበስ ብላ ትሸሸጋለች። አንዷ በየረድፉ ስትዘለል 20 የነበረው 19፣ ከዚያ 18 ይሆንና አራት ማዕዘን የተባለው ጨርቅ እንደ ሱሪ እግር እየጠበበ ይወርዳል። መድኃኒቱ የየረድፉ የመጀመሪያ ዓይን ላይ መርፌ ቁልፍ መሰካትና ረድፍ ባለቀ ቁጥር መቁጠር ነው። መቁጠር የሚያሰለቻት ሴት ብዙ ናት፤ መፍታት የሚያስደስታት ግን አላየሁም።

እጅ ደግሞ ከወሬ ጋር ይሄዳል። ክሩ በትንሿ ጣት ዞሮ በጠቋሚ ጣት ላይ ያልፋል፤ የሚቆጣጠረውም የግራ እጅ ነው። ቡና ተፈልቶ ጨዋታው ሲደራ ክሩን የያዘው እጅ ይላላል፣ የሚያናድድ ወሬ ሲመጣ ደግሞ ይጠብቃል። የጠበቀው ረድፍ ኪሮሽ አያስገባም። በአንዱ ጊዜ የተሠራውን ከሌላው ጊዜ ሥራ አጠገብ አድርጎ ላየው፣ የትኛው ረድፍ በየትኛው ወሬ እንደተሠራ መገመት አይከብድም።

ወደ ጠቃሚው ሥራ ስንመጣ፣ ለሐበሻ ቤት ከማቶት የተሻለ መጀመሪያ አላገኘሁም። የጀበናው ቂጥ ድቡልቡል ስለሆነ የሚቀመጥበት ቀለበት ይፈልጋል፤ የሆላንድ ሱቅ ደግሞ ማቶት አይሸጥም። ወፈር ባለ የጥጥ ክር የጀበናውን ቂጥ የሚከብ ሰንሰለት ይሠራና፣ እንዳይጠመዘዝ ታይቶ፣ ጫፍና ጫፉ ይገጠማል። በዚያ ላይ ዙሪያውን ቫስተ እየሠሩ ስፋቱ አንድ ጋት ሲደርስ መቆም ነው። ከዚያ አሮጌ የጥጥ ካናቴራ ተቀዶ መሐሉ ይሞላል፣ ላይኛውና ታችኛው ጠርዝ ተጠጋግቶ በመርፌ ይሰፋል። ዓይኖቹ ጥቅጥቅ ስላሉ የተሞላው ጨርቅ አይታይም፤ የዳንቴል ክፍት ሥራ ለዚህ አይሆንም።

ክሩ የጥጥ መሆኑ የግድ ነው። ርካሹ ክር ብዙውን ጊዜ አክሪሊክ ነው፤ ከእሳት የወረደ ጀበና ሲቀመጥበት ይቀልጣል። መለያው ላይ «ካቱን» የሚል ከሌለ፣ አንድ ጣት የምታህል ክር ቆርጦ መለኮስ ነው። ጥጥ እንደ ወረቀት ሸትቶ አመድ ይሆናል፤ አክሪሊክ ተኮማትሮ ጠንካራ እንክብል ይተዋል። ስኼፕየስ የሚባለው የሆላንድ ክር «ካቶና» የሚል ስም ያለው የጥጥ ዓይነት አለው፤ 50 ግራሙ 125 ሜትር ነው፣ ከ2.5 እስከ 3.5 ሚሊሜትር ኪሮሽም ይሄድለታል። ለስኒ ማስቀመጫ ልክ ነው፤ ለማቶት ግን ሁለት ክር ደርቦ በወፍራም ኪሮሽ መሥራት ይሻላል።

ስኒ ማስቀመጫው ክብ ስለሆነ ሌላ ሒሳብ አለው። መነሻው ላይ 6 ቫስተ፣ ቀጥሎ እያንዳንዷ ላይ ሁለት ሁለት ሆኖ 12፣ ከዚያ 18፣ ከዚያ 24። በየዙሩ 6 ሲጨመር ጨርቁ ጠረጴዛ ላይ ልጥፍ ይላል። ከዚያ ካነሰ ዳሩ ተነስቶ ጎድጓዳ ይሆናል፤ ከበዛ ይሸበሸባል። ኮፍያ የሚሠራ ሰው ይህንኑ ሆን ብሎ ይጠቀምበታል፦ አናቱ እስኪበቃ 6 እየጨመረ ሄዶ ጭማሪውን ሲያቆም ጨርቁ ራሱ ወደ ታች ይታጠፋል።

ቫስተ የልጅ ሥራ ናት ለሚሉት የማነሳላቸው ታሪክ አለ፤ ሩቅም አይደለም። ከዞተርሜር በባቡር ጥቂት ደቂቃ በምትርቀው ጎውዳ ከተማ፣ አና ባርባራ ቫን ሜርተን ስኺልፐሮርት የተባለች ደራሲ የሴት ልጆች አዳሪ ትምህርት ቤት ነበራት። አምስተርዳም ይታተም የነበረውን «ፔኔሎፔ» የተሰኘ የሴቶች መጽሔትም ታዘጋጅ ነበር። እስከ ዛሬ ከሚታወቁት የኪሮሽ ሥራ መመሪያዎች ሁሉ በዚህ ስም ቀድሞ የታተመው እ.ኤ.አ. በ1823 በዚህ መጽሔት ላይ ነው። በሐር ክር የሚሠሩ ሦስት ቦርሳዎች ቀርበውበታል። አንደኛው የሰንሰለት መረብ፣ ሁለተኛው ግማሽ ክፍት ሲሆን፣ ሦስተኛው ከዳር እስከ ዳር በዚህችው አጭር ዓይን የተሠራ ነው። እንግዲህ ቫስተ ከመጀመሪያው ጀምሮ የቦርሳ፣ ማለትም ዕቃ የሚይዝ ነገር ዓይን ነበረች። ክፍቱን ሥራ ያነገሠው ቆየት ብሎ የመጣው ገበያ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1840ዎቹ ረሃብ ጊዜ የአየርላንድ ሴቶች በኪሮሽ የሚሠሩትን የአበባ ዳንቴል ሸጠው ቤተሰብ ያኖሩበት ነበር።

ቫስተ ሌላም ጥቅም አላት። ስፋቷና ቁመቷ ስለሚቀራረብ የሒሳብ ደብተር ላይ ያለችውን አንዲት ካሬ በአንዲት ቫስተ መተካት ይቻላል። የነጠላ ጥለት ላይ የምናያቸው መስቀሎችና ባለ አራት ጎን ቅርጾች ደብተር ላይ በእስክሪብቶ ከተሞሉ በኋላ በሁለት ቀለም ክር ይወጣሉ፤ ያልተፈለገው ቀለም በዓይኖቹ ሆድ ውስጥ ተደብቆ አብሮ ይጓዛል። ፊደልም እንዲሁ። ጥንቃቄ የሚያሻው በክብ ሲሠራ ነው፤ ዓይኖቹ ሳይገለበጡ በአንድ አቅጣጫ ስለሚደራረቡ ቀጥ ያለ መስመር በየዙሩ ትንሽ ትንሽ ወደ ጎን ይዘማል። ስለዚህ «ሀ»ን ቦርሳ ላይ ለማውጣት ሁለት ገጽ ለየብቻ ሠርቶ ጎንና ጎኑን መስፋት ይሻላል።

እዚህ የተወለዱት ልጆች ሥዕላዊ መመሪያውን ከስልክ ላይ ያነባሉ፤ እናቶቻቸው ደግሞ ናሙና ተውሰው በዓይን እያዩ ማውጣት ነው የለመዱት። ሁለቱ አንድ ሶፋ ላይ ሲቀመጡ ጭቅጭቅ አይጠፋም። «ቁጥሩን ተይውና እያየሽ ሥሪ» ትላለች እናት። «እማዬ ቆይ፣ 19 ነው፤ አንዷን ዘለሻታል» ትላለች ልጅ። እናት መነጽሯን ዝቅ አድርጋ ትቆጥርና ዝም ብላ ትፈታለች። ልጅቷም በተራዋ ክሩን አንቃ ስትይዝ፣ እናት ሳትናገር ጣቷን ከፈት ታደርግላታለች።

ስለዚህ አበባ አሳዩኝ ብለው ለሚመጡ ሁሉ የምሰጠው መልስ አንድ ነው። መጀመሪያ 20 ዓይን በ20 ረድፍ ሠርተው ያምጡ። ለሁለት ይታጠፍና ማዕዘኖቹ ይታዩ፤ ከተጋጠሙ አበባውን በዚያው ዕለት እንጀምራለን፣ ካልተጋጠሙ ደግሞ ክሩ አልተበላሸም፤ ይፈታና እንደገና ይሠራል።