ሶሪትና ነጭ ኦርኪድ

ብርቅ አበባን ፎቶ ማንሳት ተራ ወፍን ከማንሳት ይቀላል። ፍለጋው እግር ያደክማል እንጂ፣ አበባው ከተገኘ ወዲያ የትም አይሄድም። ሶሪት የምትባለው ወፍ ግን በየዛፉ አለች፤ ሻካራ ድምጿ ከላይ ይሰማል፣ ሌንሱ ሲነሳ ቅርንጫፉን ይዛ ሮጣ ከቅጠል ጀርባ ገብታለች።

በጉራጌ ያለችውን አታትን ሰው የሚያውቃት እ.ኤ.አ. በ1969 በተቋቋመው ሆስፒታሏ ነው። እኔ የምሄደው ለዛፎቿ ነው። በጀፎረው፣ ማለትም በመንደሩ ሰፊ የሣር ጎዳና፣ ዳር የቆየ ዝግባ ካየሁ መጀመሪያ ግንዱን፣ ቀጥሎ ጫፉን እመለከታለሁ።

ግንዱን የማየው ለኦርኪድ ነው። ኤራንጊስ ብራኪካርፓ የሚሏትን ነጭ ኦርኪድ ያነሳኋት ሌላ ቦታ፣ ወንዝ ዳር ጫካ ውስጥ ነበር። ሳይንስ መጀመሪያ የመዘገባት ከሀገራችን በተወሰደ ናሙና ነው። ዛፍ ላይ ተጣብቃ ትኖራለች፤ ከዛፉ ግን ምግብ አትወስድም። መዓዛዋ የሚነሳው ሲመሽ ነው። የአበባ ማሯ ያለው ከኋላዋ በተንጠለጠለ ረጅምና ቀጭን ቱቦ ጫፍ ስለሆነ፣ ምላሰ ረጅም የእሳት እራት ካልሆነ አይደርስበትም። ስለዚህ ፊት ለፊት የተነሳ ውብ ፎቶ ለዕፅዋት አጥኚ እምብዛም አይረባም። ከጎን፣ ቱቦዋን ከማስመሪያ ጋር፣ ቅጠሏንና የያዘችውን ቅርፊት ጨምሮ ማንሳት ነው። ነጩ እንዳይቃጠል ብርሃኑን ትንሽ መቀነስም ያስፈልጋል።

የዛፉን ጫፍ የማየው ደግሞ ለሶሪት ነው። ስትቀመጥ አረንጓዴ ናት፤ ከዓይኗ ፊትና ከጆሮዋ ሥር ነጭ አለባት። ክንፏን ስትዘረጋ ነው ቀዩ የሚፈነዳው። ቀለሙ ቱራሲን ይባላል፣ መዳብ አለበት፣ የእሷ ወገን መለያ ነው። አንድ ፎቶ አይበቃትም፤ የተቀመጠችውም የምትበረውም ያስፈልጋሉ። እሷን ማሳደድ ድካም ነው። ፍሬው የበሰለ ሾላ ፈልጎ፣ የሹተሩን ፍጥነት ከፍ አድርጎ መጠበቅ ይሻላል።

የመጽሔት አዘጋጆች የሚጠይቁኝ አበባዋን ነው። አልፈርድባቸውም፤ እኔ ግን ጊዜዬን ለወፏ ብሰጥ እመርጣለሁ። ባሕር ዛፍ የነባሩን ዛፍ ቦታ ሲይዝ ሁለቱም ይጎዳሉ፦ ቅርፊቱን እየላጠ ስለሚጥል ኦርኪድ አይጸናበትም፣ ለሶሪትም የምትበላው ፍሬ የለውም። አበባዋ ስትጠፋ የሚያዝን አጥኚ አይጠፋም። ሶሪት ከአንድ መንደር ስትቀንስ ግን ማን ይቆጥራል?

የኦርኪዷን ፎቶ ስሰጥ ቦታውን ከፋይሉ አጠፋለሁ። ኦርኪዶች በሙሉ በዓለም አቀፉ የሳይቴስ ስምምነት ቁጥጥር ሥር ቢሆኑም፣ ስምምነቱ ጫካ ገብቶ የነቃዩን እጅ አይይዝም። በሶሪት ፎቶ ላይ ግን ቀኑን፣ ቀበሌውንና ያረፈችበትን ዛፍ ሳይቀር እጽፋለሁ።