ጋኑ ዝም ሲል

የላስታዋ ላሊበላ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ለልደት የሚሆነው መጠጥ የሚጠነሰሰው የሌሊቱ ብርድ አጥንት ድረስ በሚዘልቅበት ወቅት ነው፤ ታኅሣሥ 29 የሚደርስ እንግዳ ደግሞ «ትንሽ ይቆይ» ቢሉት አይሰማም። ስለዚህ የላስታ ጠማቂ ቀኑን ከበዓሉ ወደ ኋላ ትቆጥራለች። ጋኑን በግራዋ አጥባ፣ በወይራ አጥና፣ ከምድጃው ሳታርቅ ታስቀምጠዋለች።

ጠላ መጥመቅና ጠጅ መጣል የተማርሁት ከእናቴ ጓዳ ነው፤ ስለ እርሾ ሕዋስ ያነበብሁት በኋላ ነው። ልቤን የያዘው አንድ ጥያቄ ነበር። ጌሾው ያው፣ ቤቱ ያው፤ ታዲያ የጠላው ድፍድፍ ቶሎ ሲገነፍል ጠጁ ለምን ይለግማል? ስኳር እንደሆነ ማር ሞልቶታል።

በሁለቱም ውስጥ የሚሠራው ዋናው እርሾ በቤተ ሙከራ የሚጠናው ሳካሮማይሲስ ሴሬቪሲዬ ነው። ይህ ሕዋስ ለመባዛት መጀመሪያ የፕሮቲን መሥሪያውን፣ ራይቦዞምን፣ ማብዛት አለበት፤ በፍጥነት ሲያድግ በደቂቃ 2,000 ያህል ይሠራል። የራይቦዞም ዋና አካል አርኤንኤ ነው፤ አሚኖ አሲድ የሚያቀብሉትም አርኤንኤዎች ናቸው። እነዚህ ወደ ፕሮቲን ሳይተረጎሙ፣ አርኤንኤ እንደሆኑ ያገለግላሉ። የአቀባዮቹ ጂኖች ብቻ 275 ያህል ናቸው። ሮበርት ሆሊ እ.ኤ.አ. በ1965 የአንዱን አቀባይ ሙሉ ቅደም ተከተል ያነበበው ከእርሾ አውጥቶ ነው።

ይህን ሁሉ መገልበጥ ብዙ ወጪ ነውና ሕዋሱ ገበታውን ሳያይ አይጀምርም። አሚኖ አሲድ ሲበዛ ቶር የተባለው የምልክት መስመር ማፍ1 የተባለውን ፕሮቲን በፎስፌት ይይዘዋል። ናይትሮጅን ሲጠፋ ማፍ1 ይፈታል፤ ወደ ኒውክሊየስ ገብቶ የአቀባዮቹን ጂኖች የሚገለብጠውን ኢንዛይም ያስቆማል።

የጠጁ ልግመት ምክንያት እዚህ ላይ ነው። ብቅል ሲበቅል የገብሱ ፕሮቲን ወደ አሚኖ አሲድ ይሰባበራል፤ ጠላ ስንቁን ይዞ ይነሳል። ማር ግን ናይትሮጅኑ እጅግ ጥቂት ነው። ከአሚኖ አሲዶቹም የሚበዛው ፕሮሊን ነው፤ እርሾ ደግሞ ኦክስጅን ሲያጣ ፕሮሊንን መጠቀም አይችልም።

እርሾ ገበታውን ከሚያይባቸው መንገዶች ይበልጥ የሚያስደንቀኝ እ.ኤ.አ. በ2004 የተገለጸው ኤስአርጂ1 የተባለው ጂን ነው። ሴሪን የተባለው አሚኖ አሲድ ሲበዛ ይህ ጂን ይገለበጣል፤ የሚወጣው አርኤንኤ ግን ፕሮቲን አይሆንም። ግልበጣው ራሱ ሴሪን ለመሥራት በሚያገለግለው ጎረቤት ጂን መነሻ ላይ ያልፍና ይዘጋዋል፤ ቅዳሜ ገበያ የሚወርድ የጭነት አህያ በር ላይ ሲተራመስ ከቤት መውጣት እንደማይቻለው። ሴሪን ሲያልቅ መንገዱ ይለቀቃል።

ጠጁ ዝም ሲል ብዙ ሰው ማር ይጨምራል። አልስማማም፤ ናይትሮጅን ለራበው ስኳር መስጠት ነው፣ ጣፋጩ ሲበዛም እርሾውን ያደርቀዋል። እኔ ብርዙን በመጀመሪያዎቹ ቀናት ደጋግሜ አማስላለሁ፣ አየር እንዲገባው። ከደህና ጠጅ የቀረ ዝቃጭም እጨምርበታለሁ፤ የሞተው እርሾ ለአዲሱ ናይትሮጅን ይሆነዋል። እናንተም ማሩን ከመድገማችሁ በፊት ይህን ሞክሩት፤ የላስታ ነጭ ማር በከንቱ የሚፈስ አይደለም።