ስለ አጥቢያ መዛግብት፤ የእንግሊዝ ታሪክ ጸሓፊዎች ሥራ በግራና ሲመዘን

የአንድን አገር ታሪክ ለመጻፍ የሚነሣ ሰው ብዙውን ጊዜ ከቤተ መንግሥት ይጀምራል። በእንግሊዝ አገር ግን ከአጥቢያ የጀመሩ ሊቃውንት ነበሩ። በዚህ ጽሑፍ የእነርሱን ሥራ መርምረን፥ የሚበጀውን ከሚጐድለው ለይተን፥ በሰሜን ወሎ በሀብሩ ወረዳ በምትገኘው በግራና የአጥቢያ መዝገብ ቢዘጋጅ ምን ዓይነት መሆን እንደሚገባው እናመለክታለን። ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።

በ1538 በንጉሥ ሄንሪ ስምንተኛ ዘመን ቶማስ ክሮምዌል እያንዳንዱ አጥቢያ ጥምቀትን፥ ጋብቻንና ቀብርን በመዝገብ እንዲጽፍ አዘዘ። በ1586 ዊልያም ካምደን መላውን ብሪታንያ የሚገልጽ መጽሐፍ በላቲን ቋንቋ አሳተመ። ለእኛ ከሁሉ ይልቅ የሚጠቅመው ምሳሌ ግን ዊልያም ዳግዴል ነው። በ1656 ያወጣው መጽሐፍ የዎሪክሽርን ግዛት ብቻ ይዞ፥ መንደር ለመንደር እየተከተለ የርስቱን ባለቤቶች፥ በመቃብር ላይ የተቀረጸውን ጽሑፍና በቤተ ክርስቲያን መስኮት ላይ የተሣለውን ምልክት ይዘረዝራል። ከዚያም አስቀድሞ በ1641 ጦርነት እንደሚመጣ በታወቀ ጊዜ ከአንድ ሠዓሊ ጋር እየዞረ በታላላቅ አብያተ ክርስቲያናት ያሉትን ሐውልቶች በጽሑፍና በሥዕል አስቀረ። ጦርነቱ በሚቀጥለው ዓመት ተነሣ፤ ብዙ ነገርም ተሰበረ። የለንደኑ የቅዱስ ጳውሎስ ቤተ ክርስቲያን በ1666 በእሳት ቢጠፋም፥ ዳግዴል በ1658 ያሳተመው ታሪኩ ከነሥዕሉ ቀርቷል። እንግዲህ የዚህ ሰው ትልቁ ሙያ፥ ነገሩ ከመጥፋቱ በፊት መድረሱ ነው።

ጕድለቱም በዚያው መጠን ግልጥ ነው። ዳግዴል የጌቶችን የዘር ሐረግ ሲቈጥር፥ መሬቱን ያረሰውን ሰው ከመዝገቡ ውጭ ያስቀረዋል። ይህ ጕድለት የእንግሊዝ ብቻ አይደለም። በእኛም አገር በወንጌሎች ኅዳግና ባዶ ገጽ የተጻፉት የጉልት ማስታወሻዎች ሰጪውን ንጉሥ፥ ተቀባዩን ደብርና ምስክሮቹን በስም ይጠሩና በግዝት ይዘጋሉ፤ ገባሩ ግን ስሙ አይነሣም።

ሁለተኛው የእንግሊዝ መዝገብ ወደ ወሎ ያቀርበናል። በ1868 የጄኔራል ናፒየር ጦር መቅደላን በያዘ ጊዜ የብሪቲሽ ሙዚየም ሠራተኛ ሪቻርድ ሆምዝ አብሮ ነበር። ዐፄ ቴዎድሮስ ከጐንደርና ከሌሎችም አብያተ ክርስቲያናት ከሰበሰቧቸው መጻሕፍት ሦስት መቶ ኀምሳ ያህሉ ወደ ሙዚየሙ ገቡ። እነዚህንም ዊልያም ራይት በ1877 ባሳተመው ዝርዝር መረመራቸው። የራይት ትጋት የሚነቀፍ አይደለም፤ የብራናውን መጠን፥ የጽሕፈቱን ዘመን፥ ይዘቱን በጥንቃቄ ይናገራል። ነገር ግን መጽሐፉ ከአጥቢያው ከተለየ በኋላ የተሠራ ዝርዝር የሚያውቀው መጽሐፉን ብቻ ነው። በየትኛው በዓል ይወጣ እንደ ነበር፥ የትኛውን የመሬት ክርክር እንደ ፈታ፥ ማን ይጠብቀው እንደ ነበር የሚያውቁት ሽማግሎች ለንደን አልነበሩም። እንግዲህ ዳግዴል በቦታው ተገኝቶ ድኻውን ረሳ፤ ራይት ደግሞ ቦታውን ራሱን አላገኘውም።

የአገራችን ሊቃውንት የተሻለ መንገድ አሳይተዋል። ፕሮፌሰር ታደሰ ታምራት በ1970 ባሳተሙት ጥናት፥ ከ1248 እስከ 1535 ድረስ የሐይቅ እስጢፋኖስን ገዳም የመሩትን አበው በቅደም ተከተል አቅርበዋል። በዚያው ገዳም የኖረው የአባ ኢየሱስ ሞዐ ወንጌል በ1973 በተጀመረው የኢትዮጵያ ብራናዎች ማይክሮፊልም ሥራ ተነሥቶ ቍጥር 1832 ተሰጥቶታል። ፎቶግራፍ የመጽሐፉን ቃል ያዳርሳል፤ መጽሐፉንም ከቤቱ አያወጣም። ፕሮፌሰር ሑሴን አሕመድም በ2001 ስለ ወሎ እስልምና ባወጡት መጽሐፍ፥ በየጁ እንደሚገኘው እንደ ዳና ያሉትን የትምህርት ማዕከሎች ታሪክ በዐረብኛ ጽሑፍና በቃል ወግ አስተባብረው ጽፈዋል። በእኛ አስተያየት የቃል ምስክር ከጽሑፍ ጋር እኩል ተመርምሮ መግባቱ የዚህ ሥራ ትልቅ ብልጫ ነው። ሆኖም ሁለቱም የታወቁ ማዕከሎችን የሚከተሉ ናቸው፤ የተራውን አጥቢያ መዝገብ መሥራት ዓላማቸው አልነበረም።

አሁን ወደ ግራና እንመለስ። የግራናን ስም ከሁሉ ይልቅ የምናነበው ስለ ቆቦ ግራና ሸለቆ ከርሠ ምድር ውሃና መስኖ በተጻፉ ጥናቶች ነው። የጕድጓዱ ጥልቀት ተለክቶ ተጽፏል፤ የሽማግሎቹ ትዝታ ግን እንዲሁ ሊለካና ሊጻፍ ይገባዋል። በ2021 ጦርነቱ ወደ ሰሜን ወሎ ወርዶ ወልድያንና ላሊበላን በያዘ ጊዜ፥ ዳግዴልን በ1641 ያስነሣው ፍርሃት የሩቅ አገር ታሪክ አለመሆኑ ታይቷል።

ስለዚህ ለግራና የሚሠራው መዝገብ ከዳግዴል ቅድሚያን፥ ከራይት ጥንቃቄን ይውሰድ፤ የሁለቱን ጕድለት ግን አይውረስ። ቤተ ክርስቲያኑና መስጊዱ ጐን ለጐን ይጻፉ፤ ሙስሊሙና ክርስቲያኑ በአንድ ገበያ ይገበያያሉና አንዱን ብቻ የያዘ መዝገብ ግማሽ ነው። የምንጩ፥ የእርሻውና የመቃብሩ ስም ከነምክንያቱ ይመዝገብ። የተናገረው ሰው ከማን እንደ ሰማው ይጠየቅ፤ ሁለት ሰዎች ቢለያዩም ሁለቱም ቃል ይግባ። ኅዳጉ በጠባቂው ፈቃድ ይገለበጥ፤ መጽሐፉም በቦታው ይቅር። ከሁሉም በላይ የገባሩና የባልቴቲቱ ቃል ከባለጉልቱ ስም አጠገብ ይስፈር። እንዲህ ያለውን መዝገብ የግራና ልጅ ከፍቶ ሲያነብ፥ የነገሥታቱን ብቻ ሳይሆን የአያቱንም ስም ያገኝበታል።